ግራውን ተዉልኝ

ፅዮናዊት ኦፕራሲዮኑን ለነሐሴ ያስቀጠረችው አስባበት ነው። ጅቡቲ ውስጥ ፀጉር ቤት ያላት ሴት በነሐሴ ብትተኛ ገበያ አያመልጣትም። አቅም ያለው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ ድሬዳዋና ሐረር ወጥቷል፤ የቀረነው በራችንን ገርበብ አድርገን ነፋሱን እየተራገምን እንቀመጣለን። እኔም ጨርቅ ቤቴን የምከፍተው ቤት ውስጥ ታፍኖ ከመዋል ይሻላል ብዬ ነው። የኔ ሱቅና የሷ ፀጉር ቤት ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ከኋላ ያለው ግቢያችንም አንድ ነው። እሷ የፀጉር ማድረቂያ ካስኩን ስታስነሳ የኔ መደርደሪያ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የሷን ነገር ከኔ ከጀዋሪያ የበለጠ አውቃለሁ የሚል ሰው ካለ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። እዚህ ያመጣኝ ትዳር ነው፤ ባሌ ሲሞት ሱቁ ቀረልኝ። እሷ ግን እዚሁ የተወለደች ናት። አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሳቸው ካለፉ በኋላ እናቷ እትዬ አበቡ ወደ ድሬዳዋ ተመልሰው ከታላቅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ፅዮን ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ባሏ ሩፋኤል የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከወደቡ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጥሩ ሰው ነው። ጥሩነቱ ግን አንዳንዴ ያናድዳል፤ ለሰው ክፉ ወሬ ከሚነግር መኪናውን ገደል ቢከተው ይመርጣል። ከተጋቡ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ልጅ የላቸውም። አንዴ ፀንሳ ወርዶባታል። ከዚያ ወዲህ የትንንሽ ልጆችን ፀጉር ስትሠራ እጇ እንዴት እንደሚለሰልስ ቢያዩ ሆድ ይባባል። ይኼን የምነግራችሁ ላስለቅሳችሁ አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ የቆመው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

ሕመሙ የጀመራት ከቀኝ ጎኗ ነው። ቆማ ስትሠራ ድንገት ጎንበስ ትልና «ወጋኝ» ትላለች፤ ከዚያ ማበጠሪያዋን ይዛ ትቀጥላለች። «አንቺ ሴት፣ ተመርመሪ» ብላት «ጋዝ ነው» ትለኛለች። ሁሉም ነገር ጋዝ ነው ለሷ። አንድ ቀን የደንበኛዋን ፀጉር አረፋ እንደሞላው ትታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ደንበኛዋን እኔ አጥቤ ሸኘሁ፤ ከዚያ ታክሲ ጠርቼ፣ እየተጨቃጨቅን ወሰድኳት።

ዶክተር ሙሚን የሚባለው ሐኪም ረጋ ያለ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። የሚናገረው ሱማልኛና ፈረንሳይኛ ነው። ፅዮን ፈረንሳይኛ ታውቃለች፤ ስትፈራ ግን ቋንቋው ሁሉ ይጠፋባታል። ስለዚህ በሱማልኛ እየሰማሁ በአማርኛ የማቀብላት እኔ ሆንኩ። አልትራሳውንዱን እያሳየ አስረዳን። ሴት ልጅ ከማህፀኗ ግራና ቀኝ እንቁላል የሚያዘጋጁ ሁለት ነገሮች አሏት። የሷ ቀኙ ውሃ ቋጥሮ፣ አብጦ ብርቱካን አክሏል። «ይኼ ይወጣል፣ ምርጫ የለውም» አለ። ግራውም ላይ የሚያጠራጥር ነገር እንደሚታየው፣ ከፍቶ ሳያይ ግን አፉን ሞልቶ መናገር እንደማይችል ጨመረ።

«በአንዱ ይወለዳል ወይ? ጠይቂልኝ» አለችኝ።

ጠየቅኩት። «ግራው ጤነኛ ከሆነ ይወለዳል» አለ።

ይኼን ስነግራት የሐኪሙን እጅጌ ጭብጥ አድርጋ ያዘችው። የተናገረችው በአማርኛ ነው፤ እኔንም አልጠበቀችኝም። «ቀኙን ውሰዱት። ግራውን ተዉልኝ።»

ሰውዬው ሳልተረጉምለት ገባው። «ጤነኛ ከሆነ አልነካውም፤ የተበላሸ ከሆነ ግን ላንቺው ብዬ አወጣዋለሁ። ትስማሚያለሽ?» አላት ቀስ ብሎ በፈረንሳይኛ። እሷም «እስማማለሁ» አለች። በአፏ ተስማማች እንጂ ልቧ አላመነም። ታክሲ ውስጥ ሆና «አንዱ ይበቃኛል፣ እኔ ስግብግብ አይደለሁም» እያለች ነበር፤ ሾፌሩ በመስታወት እያየ ስለምን እንደምታወራ ግራ ገባው።

ከዚያ ለዝግጅት ስንሮጥ ሰነበትን። ደም ይመርመር፣ ደረት ይነሳ፣ ልብ ይታይ። የማደንዘዣው ባለሙያ እጇን ሲያይ ፊቱን አጨማደደ። ደንበኞቿን ሂና ስትቀባ የኖረች ሴት ናት፤ የጣቷ ጫፍ እስከ ጥፍሯ ጠቁሯል። ኦፕራሲዮን ላይ ትንፋሽን ለመከታተል ጣትን የሚቆነጥጥ መሣሪያ አለ፤ እሱ ደግሞ የሚያነበው በጥፍር በኩል ነው፣ ጥቁር ጥፍር ያሳስተዋል። ቤት ገብተን እጇን በሎሚ አሸንላት፣ በበረኪና ነከርንላት፤ ጭራሽ ባሰበት። ሰውዬው መልሶ ሲያየው «ተዉት፣ ጆሮዋ ላይ አደርገዋለሁ» ብሎ ገላገለን። ይኼን መጀመሪያ ቢለን ምን ነበረበት? የልጅቷ እጅ እስኪላጥ ፈተግናት እኮ!

በዋዜማው ጋሽ ገብረማርያም መጡ። እሳቸው የአባቷ የሥራ ባልደረባ የነበሩ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ የሐበሻው እድር ሊቀመንበርም ናቸው። ካገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ መርዶውን የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። በዚህ ነገር የሚስተካከላቸው የለም። ማን ከማን ጎን ይቀመጥ፣ ማን ክንድ ይያዝ፣ ቃሉ ከየት ይጀመር፣ ሁሉንም ያውቁበታል። ከዚህ የተነሳ ሰው ድንገት በሩ ላይ ሲያያቸው ይደነግጣል። ያን ቀን ግን የያዙት ጠበል ነበር።

«ከአሁን በኋላ ውሃ እንኳ እንዳትቀምስ ተብሏል» አልኳቸው።

«ጠበል ውሃ ነው እንዴ?» አሉኝ ተቆጥተው።

«ለእርስዎ አይደለም፤ ለማደንዘዣው ሰውዬ ግን ነው» አልኩና ጠርሙሱን ተቀብዬ ከጨርቆቼ መሀል ሸሸግኩት። ግንባሯን ብቻ ቀቧት። ወላሂ፣ ሰው ዘምዘም ይዞ ቢመጣም እንደዚያው ነበር የማደርገው።

እናቷም ከድሬ ደወሉ። ጆሯቸው ስለሚከብድ የሚያወሩት እየጮኹ ነው፤ ምርቃታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። ፍልሰታ ስለገባ ሱባዔ ይዘው፣ ቤተክርስቲያን ውለው አድረው ሊጸልዩላት ቃል ገቡ። ፅዮን ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ እየሳቀች «እማዬ፣ ለግራው ጸልዪልኝ» አለቻቸው።

ኦፕራሲዮኑ ረዘመ። ሩፋኤል መኪናውን አቁሞ መጥቶ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ይንቆራጠጣል፣ ይቀመጣል፣ ይነሳል። «አቦ አንድ ቦታ ሁን፣ ዞረብኝ» አልኩት። ዶክተር ሙሚን ቆቡን በእጁ ይዞ ሲወጣ ከፊቱ ገባኝ። ነገሩን ሳያድበሰብስ ነው የነገረኝ። ግራውም እንደ ቀኙ ተበልቶ፣ ከአንጀቷ ጋር ተጣብቆ ነበር። ሊያተርፍላት ሞክሯል፤ የሚተርፍ ነገር አላገኘም። ሁለቱም ወጥተዋል። ሕይወቷ ደህና ነው። ከእንግዲህ ግን የወር አበባ አታይም፣ አትወልድምም፤ ዕድሜዋ ሳይደርስ አርጣለች ማለት ነው፣ ሙቀትና ላብ ይመጣባታል። ስለዚያ የሚሰጠውን መድኃኒት ክሯን ልታወልቅ ስትመጣ ያስረዳታል። «ስትነቃ እኔ ልንገራት ወይስ እናንተ?» ብሎ ጠየቀ።

ለሩፋኤል ተረጎምኩለት። ግድግዳውን ተደግፎ እየተንሸራተተ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው፣ ያን የሚያህል ተሳቢ የሚነዳ ሰው፣ ሸሚዙን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ አለቀሰ። አሳዘነኝ፣ ምን ዋጋ አለው። ከዚያ ተነስቶ፣ ፊቱን ጠርጎ «እኔ እነግራታለሁ» አለው ለዶክተሩ በተሰባበረ የወደብ ሱማልኛው፤ እሱም አምኖት ሄደ።

«መቼ ነው የምትነግራት?» አልኩት።

«ቁስሏ ይጠግግ።»

«አንዱ ሲጠግግ ሌላ ልትከፍትባት ነው? ተው ሩፋኤል፣ ዛሬውኑ ንገራት። አብሮ ይለቀስ፣ አብሮ ይዳን።»

«ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም እትዬ ጀዋሪያ» አለኝ።

ይኼ እውነት ነው። እኛም ዘንድ እንደዚያው ነው፤ ወንድሙ ሞቶ ለተቀበረ ሕመምተኛ «ሰላም ብሎሃል» ሲባል ይከርማል። ግን የሞተ ሰው የለ! ይኼንንም አልኩት። ጆሮውን አልሰጠኝም፤ ሚስቱ የሱ ናት፣ እኔ ጎረቤት ነኝ።

ስትነቃ ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗ ገና ሳይገለጥ «ግራው?» አለች። «ደህና ነው፣ ደህና ነው» አላት ግንባሯን እየሳመ። ፈገግ ብላ ተመልሳ ተኛች። በማግስቱ ዶክተሩ ሲዞር «ተነገራት?» ብሎ ሩፋኤልን በጆሮው ጠየቀው፤ «ተነገራት» አለ። እኔ ኮሪደር ወጥቼ ብቻዬን ተሳደብኩ። የሰው ቤት ነገር ነው ብዬ እንጂ በጥፊ ነበር የሚገባው።

ቀጥሎ የፈስ ጉዳይ መጣ። አንጀቷ ሥራ እስኪጀምር ምግብ የለም፤ መጀመሩ የሚታወቀው ደግሞ በዚያ ነው። ነርሷ በገባች ቁጥር «አየር ወጣ?» ትላለች፤ ፅዮን አንሶላውን እስከ አፍንጫዋ ትስባለች። ሩፋኤል ደጅ ቆሞ ጸሎት ይዟል፤ እንዲህ ያለ ጸሎት የሚቀበለው የትኛው መልአክ እንደሆነ እንጃ። የመጣ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ አጨበጨብን። «አትግደሉኝ!» እያለች ሆዷን ያዘች። መሳቅም ማሳልም ቁስሉን ይጎትታልና ትራስ አቅፋ፣ ሆዷ ላይ ተጭናው ነበር የምትስቀው። ሲያስነሷት መጀመሪያ ራሷን አዞራት፤ ቀጥሎ ግድግዳ ይዛ፣ ቀጥሎ እኔን ይዛ፣ ጎንበስ ብላ መራመድ ጀመረች። «ቀና በይ፣ ቁስሉ አይተረተርም» ትላታለች ነርሷ። ማን አምኗት?

ቤቷ ስትገባ ሰዉ ጎረፈ። ሾርባ ይመጣል፣ አጥሚት ይመጣል፣ ሱማሌዎቹ ጎረቤቶቻችን ተምር ይዘው ይመጣሉ። ባልዲ እንዳታነሳ፣ እንዳታጎነብስ፣ ካልጋ ስትነሳ በጎኗ እንድትዞር፣ ሁሉም አዋቂ ሆኖ ያዛታል። ሆድ ተከፍቶ ሲሰፋ ያዩት በወሊድ ብቻ ስለሆነ የሚንከባከቧት እንደ ወላድ ነው። «እንደ አራስ ያዛችሁኝ እኮ!» ትላለች ደስ ብሏት። «ግድ የለም፣ ልመዱበት። ለከርሞ እውነተኛዋን አራስ ትጠይቃላችሁ።» ይኼን ስትል ሩፋኤል ውሃ ሊቀዳ ይወጣል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። በዚያን ጊዜ ከሷ በቀር የማያውቅ አልነበረም። ሩፋኤል ጋሽ ገብረማርያምን አማከረ፣ ጋሽ ገብረማርያም ለባለቤታቸው ነገሩ፣ አለቀ።

ሙቀቱም እንደተባለው መጣ። የአየር ማቀዝቀዣው ክሊም ክፍሉን አብርዶት እኛ ሻርፕ ደርበን ተቀምጠናል። እሷን ግን ሙቀቱ ከደረቷ ተነስቶ አንገቷን፣ ፊቷን ያቀላታል፤ ላቡ በጆሮዋ ሥር ይወርዳል። «ዘንድሮ ነፋሱን ምን ነካው?» ትላለች ራሷን በካርቶን እያራገበች።

«ኧረ ጉድ ነው! እንዲህ ያለ ነሐሴ አይተንም አናውቅ!» ይላሉ ሴቶቹ በአንድ አፍ። አንዷማ ይኼን ስትል በብርድ ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር። ሌላ አገር ቢሆን በምን ያመካኙ እንደነበር አላውቅም፤ ጅቡቲ ግን በነሐሴ ሰው በላብ ቢጠመቅ ማን ለምን ይላል? እኔ አርጬ ያየሁት ነገር ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን ለይቼዋለሁ። ፊቷ ሲቀላ ዓይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ፤ መዋሸት አልወድም፣ አፌን ለመክፈት ደግሞ ታስሬያለሁ።

ያም ሆኖ ፅዮን ሞኝ አይደለችም። ስትገባ ወሬ እንደሚቆም አየች። ሩፋኤል ጭነት እየተጠራ መንገድ እንደማይወጣ አየች። ይባስ ብሎ የእናቷ ድምፅ ጠፋ። እትዬ አበቡ የሆነውን ሰምተው ስልክ በያዙ ቁጥር እንባ ስለሚያንቃቸው፣ ታላቅ እህቷ ትቀበልና «እማዬ ሱባዔ ናት» ትላለች። ጥሩ ዘዴ ነበር። ችግሩ ፍልሰታ ተፈታ፣ ሰው ሁሉ ሥጋ በላ፤ እህቲቱ ግን ሌላ ሰበብ አላዘጋጀችምና አሁንም «ሱባዔ ናት» አለች። ፅዮን ስልኩን ዘጋችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ እናቷ አንድም ቃል አልጠየቀችም።

ክሯን የምታወልቅበት ቀጠሮ ሲቃረብ ግቢው ውስጥ ተቀምጠን እጄን ያዘችኝ። «እትዬ ጀዋሪያ፣ የደበቃችሁኝን አውቄዋለሁ። ለኔ ብላችሁ ነው፣ አልቀየምኩም። ጊዜው ነው ስትሉ ንገሩኝ» አለችኝ።

ደነገጥኩም፣ ቀለለኝም። ላቡም ሌላውም ተደማምሮ የግራው ነገር ገብቷታል ብዬ ነው የወሰድኩት። ስለ እናቷ ይሆናል ብዬ በየት በኩል ላስብ? በቀጥታ ወደ ሩፋኤል ሄጄ «ልጅቷ አውቃለች። ነገ ዛሬ ሳትል ቁጭ ብለህ አውራት» አልኩት። እሱ ቁጭ ብሎ ማውራቱን ፈራ። ጋሽ ገብረማርያም ዘንድ ሮጠ። እሳቸውም እንዲህ ያለ ነገር በዘፈቀደ እንደማይነገር፣ በወጉ እንደሚያደርጉት ነግረው መለሱት።

በማግስቱ የንጋቱን ሱብሒ ሰግጄ ስወጣ ግቢው ነጭ በነጭ ሆኗል። ወንዶቹ በር በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን እንደሚለበሰው አጣፍተው በዝምታ ወደሷ ክፍል እየገቡ ነው።

«ጋሽ ገብረማርያም! ምን እየሠሩ ነው?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ልናረዳት ነዋ።»

«ኧረ በአላህ! እንዲህ ነው እንዴ የሚነገረው?»

«ታዲያ እንዴት ነው የሚነገረው?» አሉኝ። ሲያሾፉ አይደለም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። ክፉ ነገር ለሰው የሚነገርበት መንገድ እሳቸው የሚያውቁት ይኼን አንዱን ነው። ላስቆማቸው ስል በሩ ተከፍቷል።

ፅዮን አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣለች። ፊታቸውን አየች፣ ነጠላውን አየች። ጋሽ ገብረማርያም በዚያ በለሰለሰ ድምፃቸው «እንግዲህ ልጄ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ…» ብለው ገና ሳይጨርሱ «እናቴን! እናቴን!» ብላ ከአልጋው ተወረወረች። ሴቶቹ ክንዷን ያዙ፣ እኔ ሆዷን በሁለት እጄ ደገፍኩ። ቁስሉ ፈነዳ ብዬ ነው።

«እናትሽ ደህና ናቸው!» ይላሉ ጋሽ ገብረማርያም። ማን ሰምቷቸው! መርዶ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ሰው የሚያምነው አይደለም። ሩፋኤል በሩ ላይ እንደ ምሰሶ ተገትሯል። በመጨረሻ ጮህኩባት። «ፅዮናዊት! እናትሽ አልሞቱም! ማንም አልሞተም! ግራውም ወጥቷል፣ ነገሩ ይኼ ነው፣ ሁለቱም ወጥተዋል!»

ዓይኗ እኔ ላይ ነው፤ የሰማች ግን አትመስልም። «እናቴ አለች?» አለችኝ።

ከሩፋኤል ስልኩን ነጥቄ ደወልኩ። እህቲቱ «ሱባዔ…» ስትል «የሱባዔሽን ነገር ተይና እናትሽን አቅርቢ!» አልኳት። እትዬ አበቡ እንደ ልማዳቸው እየጮኹ መጡ። «አለሁ! አለሁ ልጄ! ምን ሆነሽ ነው?»

ፅዮን ስልኩን ጉንጯ ላይ ለጥፋ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ትራሱን አቅፋ እንደገና ሳቀች። «ተመስገን አምላኬ! ተመስገን! አንቺ ኑሪልኝ እንጂ ሌላው ይቅርብኝ!» አለች። ያ ሁሉ ሰው ሰማት። ጋሽ ገብረማርያም ዕድሜ ልካቸውን ሲያረዱ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም፤ ዓይናቸው እንባ ሞላና «ይኼ ነው ጽናት» አሉ። ሻይ ፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ሰዉ እየተሳሳቀ ወደ ሥራው ሄደ።

ወሬው ከተማውን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ጽናቷ ተወራላት። «እኔ ብሆን አብድ ነበር» ይሏታል፤ «አንቺ ግን የሰጠሽን ተቀበልሽ።» ዶክተር ሙሚን ክሩን አውልቆ፣ አጥንቷ እንዳይሳሳና ሙቀቱ እንዲቀልላት የሚረዳ መድኃኒት አዘዘላት፤ የላከው ሥጋ ተመርምሮ ካንሰር እንደሌለበትም ነገራት። ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማችው። ሩፋኤል እፎይ አለ። ሚስቱ ከሱ ብርቱ ሆና ስላገኛት ኮርቶባት፣ ጥሩምባውን እየነፋ መንገድ ወጣ። እኔም እንደ ሰዉ፣ አለቀ ደቀቀ አልኩ።

መስከረም ገባ፣ የሸሸው ሰው ተመለሰ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ። እናቶች ሴት ልጆቻቸውን እየጎተቱ ሹሩባ ሊያሠሩ መጡ። ፅዮን ብዙ መቆም ስለማትችል ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሠራለች። በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፤ ትጫወታለች፣ ታስቃቸዋለች፣ «ራስሽን አታንቀሳቅሺ አንቺ ቀበጥ» ትላለች። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንዷ እናት «አንቺ እኮ ጀግና ነሽ፣ ሌላው ይቅርብኝ ማለት ቀላል መሰለሽ?» ስትላት ሰማሁ።

ትንሽ ቆይቶ ፅዮን ሱቄ ገባች። እጇ ላይ የፀጉር ቅባት አለ፤ አልጠረገችውም። ወለሉ ላይ ያስቀመጥኩት የጨርቅ ጣቃ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ ጀዋሪያ፣ እንደ አዲስ ንገሪኝ።»

«ምኑን?»

«ያንን። ያን ቀን አልሰማሁትም እኮ። እናቴ አለች ብዬ ደስታዬን ሳልጨርስ እናንተ ሻይ ጠጥታችሁ ሄዳችሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ቻለችው ይላል። ለሩፋኤል ላለቅስ ስል ‹ተመስገን ብለሽ የለ?› ይለኛል። እኔ ተመስገን ያልኩት ለእናቴ ነው። ለሱ… ለዚያኛው አላለቀስኩም። ማንም አላረዳኝም።»

የሱቁን በር ገርበብ አደረግኩና መጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያን የተቀባ እጇን ያዝኩት።

«ፅዮናዊት» አልኳት፤ «ግራውም ወጥቷል። ሁለቱም ወጥተዋል። ከእንግዲህ አትወልጂም።»

አፌን አፌን እያየች ሰማችኝ። «ድገሚልኝ» አለች።

ደገምኩላት።

ያኔ ወጣ። እንዲህ ያለ ጩኸት ከዚያች ቀጭን ሴት ይወጣል አልልም ነበር። ደረቷን እየመታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘች አለቀሰች፤ እኔም ለቀቅኩት፣ አብሬያት አለቀስኩ። ከማዶ አትክልት የሚሸጡት ሱማሌዎች ሥራቸውን ጥለው፣ በሩን ገፍተው ገቡ።

«ማን ሞተባት?» አሉኝ።

«ልጇ» አልኳቸው።

ሌላ አልጠየቁኝም። ጫማቸውን አውልቀው አብረውን ተቀመጡ።